አያሌውን የጠራሁበት ጉብታ

ሰው ካለቀስኩ ሁለተኛ ክረምቴን ይዣለሁ። ለሌላ ሴት ይህ ደግ ነገር ነው፤ ሐዘን አልገጠማትም ማለት ነው። ለእኔ ግን ሥራ መፍታት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ አልቃሽ ነበርኩ። ከማንኩሳ እስከ ቡሬ፣ ከደጋው እስከ ብር ወንዝ ቆላ ድረስ ሰው በሞተ ቁጥር መልእክተኛ ይላክብኝ ነበር። አሁን የምኖረው ፍኖተ ሰላም፣ ከትልቁ መንገድ ጀርባ፣ ልጄ በሠራችልኝ አንድ ክፍል ውስጥ ነው። እዚህ ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይደረደራል፣ ወንዶቹ ካርታ ይጫወታሉ። አልቃሽ የሚያስጠራ የለም። ቢያስጠራም ድምፄ ከጉሮሮዬ አያልፍም።

ትምህርቴ ጥቂት ነው። አባቴ ከወንድሞቼ ጋር ቄስ ዘንድ አስቀምጦኝ ፊደል ቆጠርኩ፤ ዳዊት ጀምሬ ሳልጨርስ ተዳርኩ። ስለዚህ የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው። ጥቂት ጽፌ ተነሥቼ በሩን አያለሁ፣ እሳቱን አያለሁ፣ እንደገና እቀመጣለሁ። ልጄ ውዴ ትስቅብኛለች። «እማዬ፣ ማን ይመጣብኛል ብለሽ ነው?» ትለኛለች። ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ የያዘኝ ልማድ ነው፤ እስካሁን አልለቀቀኝም።

ወደዚህ ሥራ የገባሁት በባሌ ለቅሶ ነው። ባሌ ቆላ ወርዶ ንዳድ ይዞት ሲሞት ውዴ ገና ጡት አልጣለችም ነበር። የዚያን ቀን ለቅሶውን የሚያወርዱት እትየ የሻረግ ነበሩ፤ በአካባቢያችን ስማቸው የተጠራ አልቃሽ። እኔ ሕፃኗን ታቅፌ ጥግ ይዤ ለራሴ ሳጉረመርም አንድ ግጥም ወጣኝ። ባሌ በሬዎቹን ፈትቶ የሚያርፍባትን ድንጋይ አስቤ ነው።

ከዋርካው ሥር ያለው ድንጋይ ምን ይበል፣
ሲመሽ የሚቀመጥ ጌታው ቢነጠል።

እትየ የሻረግ መዞራቸውን አቆሙ። ወደ እኔ መጥተው ግጥሙን ከአፌ ተቀበሉና ለሕዝቡ አወረዱት። ዋርካውን የሚያውቅ ሁሉ ዞሮ ወደ ዋርካው አየ። የባሌ ወንድም እስከዚያ ድረስ እንባ አልወጣውም ነበር፤ ያን ጊዜ መሬት ላይ ተደፋ።

ከሣልስቱ በኋላ እትየ የሻረግ እቤቴ ድረስ መጡ። ድንጋይዋን ማን እንደነገረኝ ጠየቁኝ። ማንም አልነገረኝም፣ ምሳ ይዤለት ስሄድ የማገኘው እዚያ ነው አልኳቸው። «እንግዲያው ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ» አሉኝ። የተቀጠርኩት በዚህ ነው። ክፍያው አንዳንድ ጊዜ ቁና ጤፍ፣ አንዳንድ ጊዜ ቁራጭ አቡጀዲ፣ አንዳንድ ጊዜም እግዜር ይስጥልኝ ብቻ ነበር። ልጄን አሳድጎልኛል፤ ከዚያ በላይ አላወራበትም።

እትየ የሻረግ ቀጭን፣ ረጅም፣ ንግግር የማያበዙ ሴት ነበሩ። ለቅሶ ሲጠሩ ወዲያው ወደ ሐዘንተኛው ቤት አይሄዱም። መጀመሪያ የሟቹን መሬት ይዞራሉ። ማሳውን ከዳር እስከ ዳር ይሄዱታል፣ ከሚጠጣው ምንጭ ይጠጣሉ፣ ከሚቀመጥበት ይቀመጣሉ። እኔም ከኋላ ከኋላ እከተላለሁ። ሌላው አልቃሽ ሟቹን አንበሳ፣ ነብር፣ የቤት ምሰሶ እያለ ያወርዳል። እሳቸው ይህን ንቀው ነው የሚተዉት።

«ጎጃም ውስጥ ስንት አንበሳ የሞተ ይመስልሻል?» አሉኝ አንድ ቀን። «ሬሳው ሁሉ አንበሳ ነው። ምንጩ ግን የእሱ ብቻ ነው። የት እንደኖረ ካልነገርሻቸው ማንን ያለቅሳሉ?»

ስለ ሟቹ የሚጠይቁት ደግሞ ዘመዶቹን አልነበረም። ዘመድ ያሳምራል፣ ዘመድ ይረሳል ይሉ ነበር። የሚሄዱት በድንበር ሲካሰሰው የኖረው ጎረቤት ዘንድ ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ሽማግሌ ዘንድ ሄደን፣ ሰውየው ጋቢውን ተከናንቦ ድንበሩ ላይ ቆሞ አገኘነው። «ይችን ድንጋይ ያዩዋታል?» አለ፣ «ነፍሱን ይማረውና ማታ ማታ እየመጣ ወደ እኔ የሚገፋት እሱ ነበር። ጠዋት እኔ እመልሳታለሁ። ደግሞ ማታ ይገፋታል።» ድንጋይዋን በእግሩ ነካ አደረጋት። «እንግዲህ ማን ይገፋታል?» አለ። እትየ የሻረግ በማግሥቱ ያችን ድንጋይ አወረዷት፤ ከሟቹ ልጆች ይልቅ ምርር ብሎ ያለቀሰው ያ ባለጋራ ነበር።

ጉሮሯቸውን የሚያለሰልሱት በተልባ ነው። ከለቅሶ በፊት እህል አይቀምሱም። ሲያወርዱ ወደ ሐዘንተኛው ፊት አያዩም፣ እግር እግሩን ነው የሚያዩት፤ ፊት ያየች አልቃሽ ራሷ ታለቅሳለች፣ ራሷ ካለቀሰች ደግሞ ሥራው ይበላሻል ይሉ ነበር። ግጥሙን ቀስ አድርገው ጥለው ሴቶቹ ተቀብለው እስኪጨርሱ ይጠብቃሉ። ካበቃ በኋላ ለቅሶው ቤት አይቆዩም። ንፍሮ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መንገድ ላይ እየቆረጠሙ ይሄዳሉ። እኔም ይህንኑ ለመድኩ። አገር ሙሉ ሕዝብ ሲያለቅስ መሐሉ ላይ ቆመሽ፣ ከሰዓታት በኋላ ብቻሽን ንፍሮ እየቆረጠምሽ ባዶ መንገድ ላይ መሄድ ምን እንደሆነ የሠራ ያውቀዋል። ገበያ ስወጣ ሴቶቹ «የውብዳር፣ ማን ሊሞት ነው የመጣሽው?» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። እስቃለሁ። ሰርግ ግን አይጠሩኝም። ልጄን ውዴን ስድር እንኳ የሙሽራው ወገኖች በትሕትና ሰው ልከው፣ እኔ ዘፈኑን እንዳልቀበል ለመኑኝ። ሙሽራይቱ ስትወጣ እኔ ጓዳ ሆኜ ነው የሰማሁት።

መጀመሪያ ብቻዬን የተላክሁት ቡሬ አጠገብ ነበር። ሟቹ ከአዊ የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ቤተሰቡ በሁለት ቋንቋ ያወራል። የሚጠጡበት ምንጭ ስሙ በአገውኛ ነው። እኔ ግጥሙ እንዲያምርልኝ ወደ አማርኛ መለስኩት። ስጥለው የሚቀበል ጠፋ። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ የትኛውን ምንጭ ነው የምትለው ብለው ነው። የሟቹ እኅት ቀስ ብላ ትክክለኛውን ስም ነገረችኝ፣ እኔም ቤት እንደማይመታ እያወቅሁ እንዳለ ጣልኩት። ያን ጊዜ ተቀበሉኝ። እትየ የሻረግ ይህን ስነግራቸው ሳቁ። «እሱ በጠራው ስም ጥሪው፤ ግጥሙ ይሰበር» አሉኝ።

ከዚያ ጣሊያን መጣ።

ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምንላት ያኔ ወጀት ነበረች። ቡሬም ወጀትም ወታደር ሰፈረ። ወንዶቹ ግማሹ ቆላ ወረደ፣ ጫካ ገባ። ለቅሶም እንደ ድሮው መሆኑ ቀረ። በመጀመሪያ ሬሳ የለም። አርበኛ የሚሞተው ሩቅ ነው፤ ጓደኞቹ ከወደቀበት ይቀብሩትና ያልፋሉ። ወሬው ሲደርስ ዘመዶቹ ልብሱን አልጋ ላይ ዘርግተው፣ እሱን እንዳዩ አድርገው ያለቅሳሉ። እርም ማውጣት የሚባለው ይህ ነው፤ ያላለቀሰ ሰው እርም ይዞት ይኖራል ስለሚባል ነው። ሰው ለማሰባሰብ ደግሞ ከጣሊያኑ ሹም ፈቃድ ያስፈልጋል። በአርበኛነት ሞተ ከተባለ ቤቱ ይቃጠላል። ስለዚህ ሁሉም በንዳድ ሞተ፣ ከገደል ወደቀ ይባላል። ሹሙ ይህን ስለሚያውቅ በየለቅሶው አስተርጓሚውን ይልካል። አስተርጓሚው ከጭቃ ሹሙ አጠገብ በርጩማ ላይ ይቀመጥና አልቃሿ የምትለውን ይሰማል። እኔን የሚፈልገኝ ለዚህ ነው። ምክንያቱም አልቃሽ የሞተበትን ቦታ ትጠራለች፤ እሱን ሰምቶ አርበኞቹ ያሉበትን ያውቃል።

በዚያ ጊዜ እትየ የሻረግ ጉልበታቸው ደክሞ ከቤት መውጣት ትተዋል። ውዴን እሳቸው ዘንድ ትቼ የምሄደው እኔ ነኝ። ስሄድ መንገዱን ሙሉ የማስበው ልጄን ነው፤ እኔ ብታሠር ማን ያበላታል፣ እሳቸው ቢሞቱ ማን ይደርስላታል እያልኩ። ከቤት ስወጣ ሦስቴ እየተመለስኩ በሩን አየው ነበር።

አንድ ቀን እማማ እናኑ ወደ እኔ መጡ። ከማንኩሳ በታች የሚኖሩ ባላገር ናቸው፤ ባላቸው ከሞተ ቆይቷል፣ አንድ ልጅ ብቻ ነበራቸው፣ አያሌው የሚባል። ከአርበኞቹ ጋር ቆላ ወርዶ ነበር። ከአያሌው ጓደኞች አንዱ ጨው ነጋዴ መስሎ መጥቶ መርዶውን ነግሯቸዋል፤ የተቀበረበትንም ነግሯቸዋል። ከብር ወንዝ ወዲህ ቆላው ውስጥ ዋንዛ ምንጭ የሚባል አለ። ከምንጩ አፍ ትንሽ ፈንጠር ብሎ፣ ሜዳ መሬት ላይ ነው የቀበሩት።

እማማ እናኑ አላለቀሱም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እንደ ሽማግሌ አወሩኝ።

«ልጄ ቤት አልሠራ፣ ሚስት አላገባ፣ ርስት ገና አልተካፈለ። የእሱ የምለው መሬት የለም» አሉ። «አሁን የእሱ የሆነ አንድ ቦታ አለ፣ የተቀበረበት። እሱን ጥሪልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ጀግናም አትበይው።»

አስተርጓሚው እንደሚመጣ ነገርኳቸው። ያውቃሉ። እንዴት እንደማደርገው አላውቅም አልኳቸው። «አንች ታውቂበታለሽ፣ ለዚህ ነው የመጣሁት» አሉኝና ተነሡ።

እንደ ልማዴ ቦታውን ማየት ነበረብኝ። እንስራ አዝዬ፣ ውኃ ቀጂ መስዬ ወረድኩ። ዋንዛው ትልቅ ነው፣ ምንጩ ጥርት ያለ ነው። ሜዳው ላይ ድንጋይ ተከምሯል፤ አፈሩ ገና አልጠነከረም። አጎንብሼ ስጠጣ ግን ጭቃው ላይ የሰው ዱካ አየሁ፤ አዲስ ዱካ፣ ብዙ ዱካ። ከዛፉ ጀርባ አመዱ ገና ትኩስ ነበር። የአያሌው ጓደኞች ያንኑ ውኃ እየጠጡ ነው። በዚያ በጋ በአካባቢው ሌላ ውኃ አልነበረም። ያችን ምንጭ በስሟ ብጠራት ነገ ወታደር ይሰፍርባታል።

ለእትየ የሻረግ ነገርኳቸው። የሞተበትን ቦታ ሳልጠራ እንዳልፍ መከሩኝ፤ ሰው ቅር ይለዋል እንጂ አይሞትበትም አሉ። እኔም በዚሁ ተስማምቼ ሄድኩ።

የለቅሶው ቀን ሕዝቡ ከጠበቅሁት በላይ ነበር። አልጋው ላይ የአያሌው ጋቢና የእርሻ ጅራፉ ተዘርግቷል፤ ጠመንጃ ማሳየት አይቻልም። አስተርጓሚው በርጩማው ላይ ተቀምጦ ጭራውን ያወናጭፋል። የእኛው አገር ሰው ነው፣ ሙሾ ያውቃል። ጀመርኩ። የእናቱን ቤት ጠራሁ፣ ያረሰበትን የአጎቱን ማሳ ጠራሁ፣ በልጅነቱ የዋኘበትን የላህን ወንዝ ጠራሁ። ሴቶቹ ይቀበላሉ። ከዚያ ሁሉም ጸጥ አለ። የሞተበት እስኪጠራ ነው የሚጠብቁት። የለቅሶ ወጉ ነው፤ የኖረበት ተጠርቶ የሞተበት ሳይጠራ አያበቃም። አስተርጓሚው ጭራውን አቁሞ ቀና አለ። ዝም ባልኩ ቁጥር የምደብቀው ነገር እንዳለ እየነገርኩት መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። ሳልጠራ ማለፍ እንደማልችል አወቅሁ።

ቀና ስል ከለቅሶው ሜዳ ባሻገር አንዲት ጉብታ ታየችኝ። ስም የላትም። ድንጋይ ናት፣ ውኃ የለባትም፣ ከብት አይወጣባትም፣ ሰው አይኖርባትም። ማንም የማይጎዳባት ቦታ እሷ ናት ብዬ ነው። አፌ ላይ የመጣውን ጣልኩት።

እርጥብ ሣር የሌለሽ አንቺ ደረቅ ጉብታ፣
አያሌውን ያዢው በእናቱ ፈንታ።

ሜዳው ተናወጠ። እንዲያ ያለ መቀበል በሕይወቴ አልሰማሁም። ሁሉም ፊቱን ወደ ጉብታዋ አዙሮ ደረቱን መታ፣ ወንዶች ሳይቀሩ። ደጋግመው ደጋግመው አሉት፣ አልቆም አላቸው። እትየ የሻረግ ያስተማሩኝን ጥሼ ቀና ብዬ የእማማ እናኑን ፊት አየሁ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ የተቀበረበትን የምናውቀው እሳቸውና እኔ ብቻ ነን። ሴቶቹ ክንዳቸውን ይዘው ወደ ጉብታዋ አዞሯቸው፣ እሳቸውም ከሁሉ ጋር ደረታቸውን መቱ። ዓይናቸው ግን እኔ ላይ ነበር።

ሲያበቃ ንፍሮዬን ቋጥሬ ልወጣ ስል አጥሩ ጋ ደረሱብኝ።

«ልጄን ከማያውቀው ድንጋይ ላይ ጣልሽው» አሉኝ። ድምፃቸውን አላነሡም።

ስለ ዱካው፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ጓደኞቹ ነገርኳቸው። ሁሉንም ሰሙ።

«ልክ ነሽ» አሉ። «ልክ መሆንሽ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?»

ወታደሮቹ በሳምንቱ ጉብታዋ ላይ ወጥተው ድንጋይ ሲገለብጡ ውለው ባዶ እጃቸውን ወረዱ። ወደ ምንጩ የሄደ የለም። ያ ጨው ነጋዴ መስሎ የሚመጣው ሰው በእኔ ደጅ ሲያልፍ፣ ውኃቸውን እንዳተረፍኩላቸው ነግሮኝ ሄደ። እኔ ግን በዚያ ደስ ሊለኝ አልቻለም።

እትየ የሻረግ ግጥሙን እንድነግራቸው ጠየቁኝ። አልኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት። «ክፉ ግጥም ብታደርጊው ኖሮ ይረሱት ነበር» አሉ። «ይህን አይረሱትም።»

አልረሱትም። አጫጆች ተቀበሉት፣ ወፍጮ ላይ ያሉ ሴቶች ተቀበሉት፣ ቡሬ ገበያ ላይ ሳይቀር ከማላውቃት ሴት አፍ ሰማሁት። ስም ያልነበራት ጉብታ የአያሌው ጉብታ ተባለች። መንገደኛ ሲያልፍ ድንጋይ ያስቀምጥባታል። ከአልቃሽነት ያተረፍኩት ስም ሁሉ ከዚያች ግጥም ነው፤ ሰው «የጉብታዋ አልቃሽ» እያለ ነው የሚልክብኝ። እማማ እናኑ ገበያ ላይ ሲያገኙኝ እጅ ይነሣሉ፣ አልፈው ይሄዳሉ። ጉብታዋ ያለችበት መንገድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወስዳል፤ እሳቸው ግን በወንዙ በኩል ዞረው ነው የሚሄዱት።

ጠላት የወጣ ዓመት አርበኞቹ ገቡ፣ ሰው የደበቀውን ማውጣት ጀመረ። እኔም እማማ እናኑ ዘንድ ሄጄ፣ አሁን የሚፈራ ስለሌለ እውነተኛውን ቦታ ላውርድ ብዬ ለመንኩ። እሺ አሉኝ። በሙት ዓመቱ ሕዝብ ተሰበሰበ፤ ምንጩን ጠራሁ፣ ዋንዛውን ጠራሁ፣ ሜዳውን ጠራሁ። ብዙ ደክሜበት የሠራሁት ግጥም ነው። ሴቶቹ ተቀበሉኝ፤ እንግዳ እንደሚቀበሉ፣ በጨዋነት። ከዚያ ከኋላ አንዲት ሴት በራሷ የድሮውን ጀመረች። ሕዝቡ ሁሉ ተከተላት። ፊታቸውን ወደ ጉብታዋ አዞሩ። ተዉ ማለት አልቻልኩም፤ ሰው ከልቡ እያለቀሰ ነው። እማማ እናኑ መሐላቸው ቆመው ብቻቸውን ወደ ቆላው ያዩ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አላነሣንም። እሳቸው በየጊዜው ወደ ምንጩ ይወርዳሉ፣ ብቻቸውን። እትየ የሻረግ ሞቱ፤ መሬታቸውን ዞሬ አለቀስኳቸው። ውዴ አግብታ ወለደች። ለቅሶው እየቀነሰ ሄደ። ጎርፉ የምንጩን አፍ ቀይሮታል፣ የመቃብሩን ድንጋይ ሴቶች ለመረገጫ ወስደውታል ሲባል ሰማሁ። ከአያሌው ጓደኞችም የቀረ የለም።

የዛሬ ሁለት ዓመት እማማ እናኑ ሰው ልከው አስጠሩኝ። በጣም አርጅተው አልጋ ይዘዋል። ከዚያ ሙት ዓመት ወዲህ ቤታቸው ስገባ የመጀመሪያዬ ነው። የምታስታምማቸው ልጃገረድ ወጣ እንድትል አድርገው አስቀመጡኝ።

«የእኔን ለቅሶ አንች ታወርጅዋለሽ» አሉ።

«ድምፄ ደክሟል፣ እማማ።»

«ያለሽን ያህል ይበቃል።» እንድጠጋ በእጃቸው ጠሩኝ። «ከየት እንደምትጠሪኝ ልንገርሽ ብዬ ነው።»

ከምንጩ ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ስሠራው ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩትን ግጥም በልቤ ይዣለሁ።

«ከጉብታው ጥሪኝ» አሉ።

«አያሌው እኮ ምንጩ ጋ ነው።»

«እሱን አውቃለሁ። እሱ ዘንድ ስመላለስ ኖሬአለሁ፤ ሥጋው እናት አልጎደለበትም። ስሙ ግን ያችን ጉብታ ይዞ ተቀመጠ። መንገደኛ ሁሉ ይጠራዋል፣ እናቱ አንድ ቀን አልሄደችለትም። ተቀይሜ ነው ያልሄድኩት። አሁን ስሙን ብቻውን መተው አልችልም።»

የእሳቸውን እጅ ይዤ ነበር።

ሲሞቱ እንዳሉኝ አደረግሁ። መሬታቸውን ዞርኩ፤ ከቤታቸው ጓሮ እስከ ቆላው የሚወርድ የእግር መንገድ አለ፣ ከእሳቸው በቀር የሄደበት የለም። ላወርደው አሰብኩና ተውኩት። ሕዝቡ ሲሰበሰብ ድምፄ እንደ ተሰነጠቀ ዋሽንት ነበር፣ ግን ሰሙኝ።

ጉብታው ላይ ያለው ስም ብቻውን እንዳይቀር፣
እናኑ ወጣች አሉ ከስሙ ጋር ልታድር።

ተቀበሉኝ። ወጣቶቹ ሳይቀሩ ጉብታዋን ስለሚያውቋት ተቀበሉኝ። ከቀብር በኋላ ሰዉ ወደ ጉብታዋ ወጥቶ ድንጋይ ጨመረ። ያ የመጨረሻ ሥራዬ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፄ አልተመለሰም።

ሰዉ ጉብታዋ ላይ ሳለ እኔ በዚያ በእግር መንገዳቸው ወረድኩ። ብወድቅ ማን ያነሣኛል እያልኩ ነው የምሄደው። ዋንዛው አሁንም አለ። ክምር ድንጋይ የለም፤ ሜዳው ለጥ ያለ ነው፣ ሣር በቅሎበታል፣ ውኃ ቀጂዎች ዕቃ የሚያስቀምጡበት ሆኗል። የት ላይ እንደሆነ ግን ከዛፉና ከድሮው የምንጩ አፍ ለክቼ አወቅሁት። የሚሰማ ሰው ስለሌለ ግጥም አላወረድኩም። ተቀምጬ፣ እናትህ ዛሬ ተቀበረች ብዬ ነገርኩት።

አንዲት ወጣት ሴት ጀሪካኗን ሜዳው ላይ አስቀምጣ ታየኝ ነበር። ቀረብ ብላ ሣሩ ላይ ተቀመጠች።

«እማማ፣ ማንን ነው የሚያለቅሱት?»

አያሌውን አልኳት።

«አያሌው ከጉብታው አይደለም ወይ?»

ዜማ የለኝም፣ ግጥምም የለኝም፤ እንዲያው በተራ ወሬ ነገርኳት። የጨው ነጋዴ ስለመሰለው ሰው፣ ጭቃው ላይ ስላየሁት ዱካ፣ በርጩማው ላይ ስለተቀመጠው አስተርጓሚ፣ የእናኑ መንገድ በየት በኩል እንደሚወርድ። ስጨርስ ተቀምጣበት ከነበረው ተነሣች። እግሯ ሥር ያለውን መሬት አየችው። ከዚያ ጀሪካኗን አንሥታ፣ ከሣሩ ውጭ፣ ከምንጩ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው።